መርዶ ይዤ ወደ ቦንጋ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል፣ ጅማ መናኸሪያ

ጢሜን ተላጭቼ ነው የወጣሁት። የወንድሜ የኃይሌ አርባው ገና አልወጣም፤ እንደ ወጉ ቢሆን ምላጭ ባላስነካሁት ነበር። ጥቁሩንም ሹራብ ቤት ጥዬዋለሁ። የለበስኩት ደረቱ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ያለበት ቢጫ ቲሸርት ነው። ሐዘንተኛ ሳይሆን ሠርገኛ እመስላለሁ።

ምክንያቱ እታለም ናት፤ ታላቅ እህታችን። መንደራችን ማንኪራ ውስጥ ዝናብ ባላቆጠው መንገድ ላይ ወድቃ የጭን አጥንቷ ተሰብሮ ቦንጋ ሆስፒታል ተኝታለች። እሷ አልጋ ላይ እያለች ኃይሌ ሺሺንዳ ላይ ሞተ። ሽማግሌዎች መከሩና "ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፣ ድና ትርዳ" አሉ። እኔም ቀብሬ ስመለስ በቦንጋ በኩል አልፌ እሷን ሳላያት ጅማ ገባሁ። ፊቴ ይናገርብኛል ብዬ ፈራሁ። ወንድም ሞቶብህ ከእህትህ ጋር ማልቀስ ሲከለከል ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም፤ አልሞክርምም።

ነገ ኦፕራሲዮን ትሆናለች። አንዲት ነርስ ደውላ "ቋንቋዋን የሚችል የቅርብ ሰው ከኦፕራሲዮኑ በፊት አጠገቧ እንዲሆን እንፈልጋለን" አለችኝ። ለዚህ ነው የምሄደው።

አንባቢ ሆይ፣ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ማታ ማታ የቡና መጋዘን እየጠበቅኩ። አጻጻፌ ቢጎረብጥ መንገዱም ይጎረብጣል።

ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት፣ ጎጀብ

ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ወርዶ ወንዙ ጋ ሲደርስ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ወደቀብን። ድልድዩ አካባቢ ሙዝና የተቀቀለ በቆሎ ይሸጣሉ። ሾፌሩ በቆሎውን እየጋጠ ወደ እኔ ዞረ።

"አባባ፣ ቦንጋ ለደኅና ነው?"

"እህቴ ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው።"

"ዕድሜዋ?"

"ሰባ አልፏታል።"

"አይ እንግዲህ። አጎቴ በዚያ ዕድሜው ተቀዶ ሲነቃ ሚስቱን 'ይቺ ሌባ ማን አስገባት?' ብሎ ፖሊስ ጥሩልኝ አለ።"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ።

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያማ በሳምንቱ ወደ ልቡ ተመለሰ። ሚስትየው ናት እስከ ዛሬ ያልተመለሰችው።"

የእኛ እናት አልተመለሰችም። ከዓመታት በፊት በሌላ ከተማ ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሆና ስትነቃ አላወቀችኝም። ግድግዳው ላይ ንብ ያየች ይመስል ጣቷን ዘርግታ ትለቅም ነበር። አንዱ "እርጅና ነው" አለ፣ ሌላው "ዛር ነው" አለ፣ እኛ ደግሞ ጠበል ለጠበል አንከራተትናት። ሳታውቀኝ ሞተች። ስለዚህ እታለም ነገ ስትነቃ "አንተ ማነህ?" ካለችኝ እናቴንም፣ ኃይሌንም፣ እሷንም በአንድ ቀን ቀበርኩ ማለት ነው። ከጎጀብ እስከ ቦንጋ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። ደኑን ሌላ ሰው ይጻፍላችሁ።

ማክሰኞ፣ ሰባት ሰዓት፣ ቦንጋ

ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ካፊያ አለ። እታለም መስኮት አጠገብ ተኝታለች። ፊቷ አንሷል፣ ዓይኗ ግን ያው ነው።

"ማሞ፣ ምነው ቢጫ ለበስክ? ልትዳር ነው?" አለችኝ በቋንቋችን በካፊኖኖ። ቀጥላ፣ "ኃይሌስ?"

"የኮረሪማ ጊዜ ነው። ይመጣል።"

ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ ቀለለኝ፤ ይህ ነው የሚያሳፍረው። ከማንኪራ አብራት የመጣችው ጎረቤቷ እትዬ አበበች ቆጮውን እየቆረሰች አንገቷን ደፋች።

የደወለችልኝ ነርስ ሲስተር ትዕግስት ትባላለች፣ የጎጃም ልጅ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው አረጋውያን ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚደርስባቸውን ድንገተኛ የአእምሮ መዘባረቅ እንዴት መከላከል እንደሚቻል ነው።

"እብደት አይደለም ጋሽ ማሞ፣ እርጅና ብቻም አይደለም። ብዙ ጊዜ መከላከል ይቻላል። መነጽሯን ታድርግ፣ ውሃ ትጠጣ፣ ቀን ብርሃን ትይ፣ ሌሊት ትተኛ፣ ቶሎ ተነስታ ትራመድ። የምታውቀው ሰው በምታውቀው ቋንቋ ያናግራት።"

"ይህ ጥናት ነው ወይስ ደግነት?"

"ሁለቱንም መሆን ይችላል። እኔ የምመረቀው ግን በጥናቱ ነው።"

ወደድኳት። ለእታለምም በእኔ አስተርጓሚነት አስረድታ ፈቃዷን ጠየቀች፤ እታለም በጣቷ ፈረመች፣ እኔ በስሜ። መነጽሯ ግን አልነበረም። እንዳይሰረቅ ብለው ማንኪራ ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል! የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ዓይንን ቤት ቆልፎ ሰውየውን ሐኪም ቤት ይወስዳል። በሞተር ሳይክል አስመጣነው።

ሲስተር አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። በጣቴ እየተከተልኩ ለእትዬ አበበች አነበብኩላት። "የት እንዳሉ ንገሯቸው። ቀኑን ንገሯቸው። ማን እንደሆናችሁ ንገሯቸው። የሌለ ነገር አትንገሯቸው።" የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እትዬ አበበች ቆጮዋን ማላመጥ አቆመች።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቦንጋ

ትናንት ኦፕራሲዮኑ በደኅና አለቀ። ስትነቃ መነጽሯን አደረግኩላት፤ "ማሞ" አለችኝ። ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሌላ ምን ልበላችሁ።

ዛሬ ግን ምሳ ልበላ ወጣ ብዬ ስመለስ እታለም ተሰፍቶ ባልጠገገ እግሯ ልትነሳ ከተረኛው ነርስ ጋር ትታገላለች። ጉሉኮሱን ነቅላዋለች። "ወንድሜ በር ላይ ቆሟል፣ ዝናብ እየመታው ነው፣ ልቀቁኝ!" ትላለች።

ሲስተር ትዕግስት መዘባረቅን የምትለካበትን ቅጿን ይዛ መጣች። የት እንዳለች ጠየቀቻት፤ "ቦንጋ፣ ሆስፒታል"። ቀኑን ጠየቀቻት፤ "ሐሙስ"። የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ቁጠሪ አለቻት፤ ሳትሳሳት ቆጠረች። አንዱ ብቻ ቀረ። "ወንድሜ በር ላይ ነው።" ሲስተር እስክሪብቶዋን አንስታ "የሌለ ነገር..." ብላ ልትጽፍ ነው።

"ቆይ፣ አትጻፊ" አልኳት። "እሷ አይደለችም። እኛ ነን።"

ወደ እትዬ አበበች ዞርኩ። አለቀሰች። "አልበላም ስትለኝ ኃይሌ ደርሷል፣ በር ላይ ጫማውን እየጠረገ ነው፣ ጎረስ አድርጊ አልኳት። ምን ላድርግ ማሞዬ? በልታ ነበር እኮ።"

ሲስተር ቅጿን አጥፋ ይዛኝ ወጣች። ከዚያ ኮሪደር ላይ፣ "ንገራት ልልህ አልችልም። ያ የቤተሰብ ነው፣ በጥናቴም ውስጥ የለም። ነገር ግን አእምሮዋ ደኅና ሆኖ ሳለ እናንተ በር ላይ ሰው ካቆማችሁባት እኔ በምን ልለካት?" አለችኝ። ሐኪሙን ጠየቅን። "ግፊቷ ጥሩ ነው፣ ከተነገራት እኛ አጠገቧ እንሁን" አለ።

ማንኪራ ደወልኩ። አጎቴ ነው ያነሳው።

"ቁስሏ ሳይጠግ? አንተ ሰው፣ ማንበብ ከቻልክ ወዲህ ወግ ጠፋህ።"

"ጠፍቶኛል።"

"አንድ ነገር ብትሆን በአንተ ነው።"

"በእኔ ይሁን" ብዬ ዘጋሁት። አጎቴን ስልክ ዘግቼበት አላውቅም።

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቦንጋ

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ይህን ወግ ጠብቄያለሁ። ጭጋጉ ከደኑ ገና አልተነሳም። ተረኛዋ ነርስ በር ላይ ቆመች። የእታለምን እጅ ያዝኩ።

"እታለም፣ ኃይሌ በር ላይ የለም። ሺሺንዳም የለም። ሞቷል። እኔ ነኝ የቀበርኩት።"

አልጮኸችም። ጣሪያውን አየች። እንደ እናቴ የጠፋች መሰለኝ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች፣ አንድ በአንድ። መቼ? ምን ነካው? ማን አጠበው? ከየትኛው ዛፍ ሥር ተቀበረ? እኔን ጠይቆ ነበር? ሁሉንም መለስኩ። "ጠይቆሻል፣ እግሯ እንዴት ሆነ ብሏል" አልኳት፤ እውነት ነው። ያኔ ዕንባዋ መጣ፣ ድምፅ ሳይኖረው፣ ከመነጽሯ ሥር።

"ቁጭ በልና አልቅስ" አለችኝ። "እስካሁን ብቻህን ነበርክ።"

ሲስተር ሁለት ሰዓት ላይ ቅጿን ይዛ መጥታ ሁለታችንንም አየችን። እታለም ከመጠየቋ በፊት በተሰባበረ አማርኛዋ "ወንድሜ ሞቷል። ዛሬ ዓርብ ነው" አለቻት። ሲስተር ሳትጠይቃት ምልክቷን አድርጋ ወጣች። ማንበብ እችላለሁ፤ "መዘባረቅ የለም" በሚለው ላይ ነው ያደረገችው። ከጤናማ አእምሮ ይህን ያህል ሕመም እንደሚመጣ ግን ወረቀቱ አይልም።

እሑድ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ማንኪራ

መኪና ከሚቆምበት በኋላ በቃሬዛ ተሸከምናት። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ያዩናል። ለቀስተኛው ደጅ ላይ ጠበቀን፤ አጎቴም አለ፣ አይቶኝ ፊቱን አዞረ፣ ከዚያ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ከትከሻዬ ተቀበለኝ።

ስንቀመጥ ስለ ኃይሌ ተናገር አሉኝ። ተነሳሁ። "ኃይሌ ገና በአሥር ዓመቱ ቀፎ ይዞ ረጅሙ ዛፍ ላይ ወጥቶ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ዘጠኝ" አለች እታለም ከመደቧ ላይ። "ዛፉም ረጅም አልነበረም። ከሥር ሆነህ ያለቀስከው አንተ ስለነበርክ ነው ረጅም የመሰለህ።"

ሰው አፈረልኝ፣ ወደ መሬት አየ። እኔ አላፈርኩም። ስለ ኃይሌ "ተሳስተሃል" ሊለኝ የሚችል ሰው በዚህ ዓለም የቀረኝ አንድ ነው። ቆሜ፣ ሌላም እንድታርመኝ ቀስ እያልኩ ማውራቴን ቀጠልኩ።