ፈንግል የገባበት ክረምት

ዛሬም የረጠበ ቆዳ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር አባቴ ብራና ሲፍቅ ያንጎራጉረው የነበረው ዜማ አብሮ ይመጣብኛል። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር፤ ከይጁቤ ገበያ ፈንጠር ባለች መንደራችን፣ በጋ ሲገባ የፍየል ቆዳ በእንጨት ወጥሮ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ ፍቆና አለስልሶ፣ አሮጌውን መጽሐፍ ከፊቱ ዘርግቶ አዲሱን ሲገለብጥ ይውል ነበር። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በጥያቄ አደርቀው ነበር፤ እሱም «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ አይደክምም?» ይለኝና መልሶ ራሱ ይመልስልኝ ነበር።

አንድ በጋ የጻፈው መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ቄሰ ገበዙ ሲያነቡት፣ ከጸሎቱ መሃል «ቀለሙ ቀጠነ» የሚል ነገር ብቅ አለ። ለካ የቀድሞው ጸሐፊ በአሮጌው መጽሐፍ ጠርዝ ላይ ለራሱ የጫረውን፣ አባቴ እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ አብሮ ገልብጦት ኖሯል። መንደሩ በሙሉ ሳቀ፤ አባቴ ግን ሰንብቶም ቢሆን ወሬው ሲነሣ ፊቱ ይጠቁር ነበር።

ሰኔ ሲጠባ ብራናው ስለማይደርቅ ሥራው ይቆምና ቤቱ የእናቴና የዶሮዎቿ ይሆን ነበር። እናቴ ዶሮዎቿን በስም እየጠራች፣ እያቆላመጠች፣ አንዳንዴም እንደ ሰው እየተቆጣች ነበር የምታሳድጋቸው፤ ከሁሉም የምትወዳት «ገብስሜ» የምትላት ገብስማ እንቁላል ጣይ ነበረች።

በዚያ ክረምት መንደራችን ፈንግል ገባ። ፈንግል ክፉ የዶሮ በሽታ ነው፤ ደህና ስትጭር የዋለች ዶሮ ክንፏን ጥላ፣ አንገቷ ተጠማዞ ትገኛለች። እናቴ ፌጦ በጥብጣ አጠጣች፣ ሎሚ ጨመቀች፣ ቢቸግራት ለጥጃው ቁስል ተገዝቶ የተረፈውን ቀይና ጥቁር እንክብል ፈልቅቃ በውኃ ሰጠቻቸው። ምንም አልረዳቸውም፤ የቀሩት ገብስሜና ሁለት ቄቦች ብቻ ሆኑ።

በእኛ አገር ፈንግል ሲገባ ያልታመሙትን ዶሮዎች ራቅ ያለ ዘመድ ቤት ማሸሽ ልማድ ነበር። እናቴም ሁልጊዜ የምታሸሸው አማኑኤል ከተማ ወዳለችው እህቷ ዘንድ ነበር፤ አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ እንቁላል ሸጣ የምትኖር ሴት ነበረች። ቅርጫቱ ታስሮ ወደ መኪናው መንገድ ልንወጣ ስንል፣ ደብረ ማርቆስ የሚማረው ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከተፍ አለ።

«እማ፣ አትላኪያቸው» አላት ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ።

«እዚህ ቁጭ ብለው ይለቁ ነው የምትለኝ? ገና ምንም ያልሆኑትን!»

እኔ ደግሞ መሃል ገብቼ እንክብሉ ለምን እንዳልሠራ ጠየቅሁት። ይበልጣል ቁጭ አለና፣ እንክብሉ የሚያጠቃው ባክቴሪያን ነው፣ ባክቴሪያም ሆነ የጠላው እርሾ ሕያው ሕዋስ ስለሆነ እንደ አንድ ቤት ጓዳ አለው፣ ይመገባል፣ ያድጋል፣ ራሱን ለሁለት ይከፍላል፣ እንክብሉም የባክቴሪያውን ጓዳ ያበላሽበታል አለኝ። የፈንግሉ ቫይረስ ግን ምንም ጓዳ የለውም፤ በማኅደር እንዳለ መጽሐፍ ከላይ ሽፋን፣ ከውስጥ ጽሕፈት ብቻ ነው። አይበላም፣ አይተነፍስም፣ ብቻውን አይባዛም። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ሽፋኑን ይጥልና፣ ሕዋሱ ጽሕፈቱን የራሱ መስሎት ሲገለብጥ፣ ሽፋንም ሲሠራለት ይከርማል፤ በመጨረሻ ቤቱ ይፈርስና ቅጂዎቹ ወደ ጎረቤቱ ሕዋስ ይሄዳሉ።

አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ ሲያዳምጥ ኖሮ፣ «ያላዘዙትን የሚገለብጥ እንዲህ ያለ ሞኝ ጸሐፊ ደግሞ ከወዴት ይገኛል?» አለ።

ይበልጣል አቀረቀረ። እኔ ግን አፌ አላርፍ ብሎኝ «ቀለሙ ቀጠነ!» አልኩ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስሸማቀቅ አባቴን ሳቁ አመለጠው።

«ታዲያ ሕያው ነው ወይስ ሙት?» አልኩ ደፈር ብዬ። ይበልጣል አስተማሪያቸውም ቁርጡን እንዳልነገሯቸው አመነ፤ አባቴም የተዘጋ መጽሐፍ ሕያው ይባላል አይባልም እያለ ይከራከረው ጀመር፤ እኔም እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እናቴን የያዛት ግን ሌላ ነበር። «ገብስሜ ውስጥ ገብቶ ይሆናል?» ብላ ጠየቀች።

«ደህና ትመስላለች እንጂ ገብቶ ይሆናል። አክስቴ ቤት ደርሳ ነው የሚለይላት፤ እስከዚያ ግን የእሷንም ዶሮዎች ታስይዛለች።»

እናቴ ቅርጫቱን እንዳቀፈች ብዙ ቆየችና ገመዱን ፈታችው። ሳምንት ሳይሞላ ገብስሜ አንገቷን ጠመዘዘች፤ ቄቦቹም ተከተሏት። እናቴ ባዶውን ቆጥ እያየች አለቀሰች።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አክስቴ ልትጠይቀን መጣች። የእሷ ዶሮዎች አንድም አልተነኩም ነበር፤ ሆኖም «በዚህ ክረምት ዶሮዎችሽን አልላክሽም፤ የእኔ ቤት አይታመንም መሰለኝ» አለች። እናቴ ልታስረዳት ብትሞክር፣ «ያልታመመ ዶሮ በሽታ ያመጣል? ተይኝ እስቲ!» ብላ ተነሥታ ሄደች፤ እስከ ፋሲካም አልተነጋገሩም።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የፈንግል ክትባት ዶሮዋ ዓይን ላይ ጠብ ስለሚደረግ፣ ቅርጫት ይዞ የሚሸሽ ሰው ብዙም አላይም። ተማሪዎቼ ቫይረስ ሕያው ነው ሙት ብለው ሲከራከሩ ያኔ የተሰማኝ ደስታ አሁንም ይሰማኛል። ያኔ ግን እኔ ስለ ሽፋኑና ስለ ጽሕፈቱ ሳስብ፣ እናቴ ገመዱን ስትፈታ ምን እንደተሰማት ልብ አላልኩም ነበር። እሱ የገባኝ፣ የሰው በሽታ አገሩን ቤት ባስዋለበት ዓመት፣ ለፋሲካ ስትጠብቀኝ ደውዬ «እማ፣ ዘንድሮ አልመጣም» ያልኳት ዕለት ነው።

«አመመሽ እንዴ?» አለችኝ ደንግጣ።

«ኧረ ደህና ነኝ።»

እንደ አክስቴ ልታኮርፈኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ገብስሜም ደህና ነበረች» አለች፤ «በይ እዚያው ሁኚ፣ ልጄ።»