ፍሬንን ፍራንክ ያልኩበት ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን አልነገርኩም፤ ፊታቸው ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ እዘረዝርና እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ምላሴ እኮ እንጀራዬ ነው! ጅቡቲ ከተማ ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት በምላሴ ነው። ከአገር ቤት ወደ ወደቡ ለሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከትራንዚቱም፣ ከፖሊሱም፣ ከሐኪሙም ጋር አስተረጉማለሁ። ፈረንሳይኛና ሱማሊኛ አቀላጥፋለሁ፣ በአፋርኛም አላፍርም። ሾፌሮቹ «አፋችን» ይሉኛል። በዚህ አምነው በሰጡኝ አፍ ነው የአንድ ሰው እግር ያስቆረጥኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ።

ሰውየው ሙላት ይባላል። እሱም የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ወገቡን ታመመና ባለንብረቱ መኪናውን ለሌላ ሰጠበት። እንዲሁ አገሩ መግባት አሳፍሮት «ጋሼ ተካ፣ ለአንድ ሳምንት ያስጠጉኝ» አለኝ። አርሂባ ሰፈር ያለችው ቤቴ አንድ ክፍል ናት፤ መሃሏን በመጋረጃ ከፍዬ አስጠጋሁት። ሳምንቷ ሰባት ወር ሆነች።

ምነው ክፉ ሰው በሆነልኝ ኖሮ! ከሥራ ስገባ ሸሚዜ ታጥቦ ተሰቅሎ፣ ሽሮዬ ተሠርቶ ይጠብቀኛል። ግድግዳው በሚያቃጥልበት በዚያ ሐምሌ ያለችንን አንዲት ማራገቢያ ወደ እኔ አዙሮ እሱ በላብ ተነክሮ ያድራል። «ወደ አንተ አዙራት» ስለው «ኧረ ይተዉ ጋሼ፣ እኔ ሙቀት ለምጃለሁ» ይለኛል። ለጎረቤቱ ሁሉ «ጋሼ ተካ አባቴ ናቸው» እያለ ያወራል። ሰው በመንገድ እያስቆመ ሲመርቀኝ አንጀቴ ይበግናል። ለምን? ምን በደለኝ? ምንም። ብቻዬን መሆን አማረኝ፣ በቃ። በገዛ ቤቴ በውስጥ ሱሪ መንጎራደድ አማረኝ። ውጣልኝ እንዳልለው ደግሞ ስሜ ይጠፋል። ስለዚህ ራሱ እንዲወጣልኝ ፈለግሁ። ያ ሁሉ ጉድ ለዚህች ነው የመጣው፤ ከዚህ የተለቀ ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም።

አንድ ቀን ፊቱ በርቶ መጣ። ካርትዬ ስድስት የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሮጌ ባጃጅ ይሸጣሉ አሉ። «በቀረችኝ ጥሪት እሷን ከገዛሁ ሠርቼ ቤት እከራያለሁ፣ እርስዎንም አሳርፋለሁ» አለኝ። አሳርፋለሁ! ደስታዬን ለመደበቅ ፊቴን አዞርኩ። ሱማሊኛ ስለማይችል ላስተረጉምለት በማግስቱ ረፋድ አብሬው ሄድኩ።

ሽማግሌው ሐጂ ዑመር ይባላሉ። የፊት ጥርሶቻቸው ረግፈዋል። ጥላ ሥር በርሜል ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ባጃጇን የባሕር ጨው በልቷታል፣ ሸራዋ ተቀዷል፣ አንዱ መብራቷ በሽቦ ታስሯል። ሙላት ዞራት። ተንበርክኮ ሆዷን አየ። ሞተሯን አስነስቶ ጆሮውን አስጠጋ። ሰፈሩን አንዴ ነድቶባት ተመለሰ። እንደገና ዞራት።

«ጋሼ፣ አሮጌ ናት። ሞተሯ ግን ደህና ነው። ምን ይሉኛል? እርስዎ ተው ካሉኝ እተዋለሁ።»

ቀትር ሊሆን ነው። እዚህ አገር የኖረ ያውቀዋል፤ ቀትር ላይ ጫት ይገባል፣ ጫት ከገባ ደግሞ ነገር ሁሉ ለነገ ነው። ሐጂ ዑመርም ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር። ለነገ ካደረ ሙላት ሌላ ሾፌር ያማክራል፣ ያም «ይቅርብህ» ይለዋል፣ እሱም ተመልሶ ከመጋረጃዬ ወዲያ ይተኛል። ላቤ ይንቆረቆር ጀመር። «ወስን እንጂ!» አልኩት። እንዲህ ተቆጥቼው አላውቅም ነበር።

ይሄኔ ሐጂ ዑመር በሱማሊኛ ጠሩኝ። «ለልጁ ንገረው። ጉድለቱን ደብቄ ብሸጥ ነገ አላህ ፊት እጠየቃለሁ። የፍራን ችግር አለ። ይወቀውና ከአንገቴ ይውረድ።»

ፍራን። በፈረንሳይኛ ፍሬን ማለታቸው ነው። ጥርስ ስለሌላቸው ቃሉ ተንሸራቶ ፍራንክን መሰለ፤ የዚህ አገር ገንዘብ ደግሞ ፍራንክ ነው። ግን እኔ አልተምታታብኝም። እያወሩ በቀኝ እግራቸው መሬቱን ሁለቴ ረገጥ፣ ረገጥ አደረጉ። «ሲሞቅ» ብለው፣ ፔዳሉ ባዶ እንደሚወርድ ለማሳየት እጃቸውን ወደ ታች ሰደዱት። ሙላት ከኋላ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ስለነበር አላያቸውም። እኔ ግን አየሁ። በሁለት ዓይኔ አየሁ።

ሙላት ቀና አለ። «ፍሬን ነው ያሉት?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይህ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ ነው። አዎ ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አንዲት ቃል እኮ ናት! ባላውቅ፣ ባልሰማ፣ ሰውየው ባይጠይቀኝ ኖሮ አንድ ነገር ነው። ጠየቀኝ። ቃሉን ራሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

«ፍራንክ ነው» አልኩት። «የኢትዮጵያ ብር አልቀበልም፣ በፍራንክ ይሁን ነው የሚሉት።»

«ኤዲያ፣ እሱ ምን ችግር አለው!» ብሎ ሳቀ። ሐጂ ዑመር «ነገርከው?» አሉኝ። «ነግሬዋለሁ» አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው መረቁን፤ ተጨባበጡ፤ አለቀ።

በሳምንቱ ከከተማው ዳር ዳገቱ ላይ፣ ባልባላ፣ ቤት ተከራይቶ ወጣ። እኔስ? እንቅልፍ ያጣሁ መሰላችሁ? ለጥ ብዬ ተኛሁ። እሱ በየቀኑ ሰላም ሊለኝ ይመጣ ነበር። ባጃጇን በሬ ላይ ሲያቆም ዓይኔ እየሄደ ፔዳሏ ላይ ያርፋል። «እስቲ ፍሬኗን አስፈትሽ» ማለት አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። ከየት አወቁ ቢለኝስ ብዬ ነው። እሱን ሐኪም ቤት ያደረሰው ያ ረፋድ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የተኛሁባቸው ቀናት ሁሉ ናቸው።

ወር እንኳ አልሞላውም። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ይዞ ከባልባላ ወደ ማዕከላዊ ገበያ ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉን ቢረግጥ ባዶ። ከፊቱ ሰው ይሻገራል። ሰው ከምገጭ ብሎ ከግንብ ጋር ተላተመ። ሴትዮዋ እጇ ተሰብሮ ተረፈች። የሱን ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ። ሐጂ ዑመር ሰምተው ሐኪም ቤት መጡ። «ነግሬያችሁ ነበር እኮ! ፍራን ብዬ ነበር!» እያሉ ይምላሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ወይኔ! ፍራንክ ያሉኝ መስሎኝ!» ብዬ ራሴን ያዝኩ። አያችሁ? ውሸቱን ያን ጊዜ አላሰብኩትም፤ ከመጀመሪያው ተዘጋጅቶ ተቀምጦልኝ ነበር። ሽማግሌው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ጥርስ የሌለው አፌ ሰው ፈጀ ብለው አለቀሱ። ሙላትን ይቅርታ ለመኑት። እና ማን ያስተርጉም? እኔ። አልጋው አጠገብ ቆሜ፣ የንጹሑን ሰው ይቅርታ አንድም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ያን ቀን ያስተረጎምኩትን ያህል አሳምሬ አስተርጉሜ አላውቅም። ሙላት እጃቸውን ስሞ «የአንድ ፊደል ነገር ነው አባቴ» አላቸው። እሱንም ተረጎምኩ። ሐጂ ዑመር አምና ሞቱ፤ ጥፋተኛው አፋቸው እንደሆነ እያመኑ ሞቱ።

ዛሬ ነገሩ የሾፌሮች ጨዋታ ሆኗል። ሙላት ራሱ «እግሬን ፊደል በላብኝ» እያለ ያስቃቸዋል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እሱን መልሼ ቤቴ ስላስገባሁም ሰው ከበፊቱ የበለጠ ይመርቀኛል። አንዳንዴ ለራሴ፣ ባጃጇን ባይገዛ በዚያች ጥሪት እንደነዚያ ወጣቶች በጀልባ ወደ የመን ሊሻገር ይችል ነበር፣ ምናልባት ባሕር ውስጥ ይቀር ነበር እላለሁ። ውሸት! ሙላት ባሕር መሻገር አስቦ አያውቅም። እኔም ያን ቀን ያሰብኩት ስለ ቤቴ ብቻ ነው። ምክንያት የለኝም፣ አልደረድርም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተ ምን ቆረጥኩባችሁ? ለእናንተ አስቀድሜ የተናገርኩት እሱን ስለምፈራው ነው። ፈሪ ነኝ፣ ይኸው።

ይህን ስጽፍ ሙላት ከመጋረጃው ወዲያ ምስር እየለቀመ ነው። አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንድን ነው የሚጽፉት?»

«ደብዳቤ» አልኩት።

«ለማን?»

«ላንተ።»

«እዚሁ እያለሁ?» ብሎ ሳቀ። ክራንቹን ሲያነሳ ይሰማኛል። ሳህኑን ወደ ጎን አደረገ። እየመጣ ነው። ወረቀቱን አልሸፍነውም።