ሐሙስ ሐሙስ የሚነሳው አስም

የጤና ፕሮጀክት ሰዎች አጣቢዋን ስድስት ሳምንት አሠልጥነው፣ አረንጓዴ ሰደርያ አልብሰው ወደ ሰፈሩ ለቀቋት። የሥልጠናው ግማሽ ስለ ሥልጠናው ጥቅም ነበር አሉ። ከቀረው ግማሽ ግን ጠብ ያደረገችው የለም። ሃያ ዓመት የሰው ልብስ ያጠበች ሴት ቆሻሻ የት እንደሚደበቅ ትስተዋለች?

ሥራዋ አስም ያለባቸውን ልጆች እየዞረች መጎብኘት ነው። ሻጋታና ጭስ ታሸታለች፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሳብ ታሳያለች። በሄደችበት ሁሉ ተሳካላት፤ የልብስ ሰፊዋ ትንሽ ልጅ ብቻ አቃተቻት። ልጅቷ ሐሙስ ሐሙስ፣ አጣቢዋ በምትመጣበት ቀን፣ ትታፈናለች።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ፣ ከልጅ ፊት ይልቅ ሠንጠረዥ ማየት የሚቀናው ሰው፣ ተመራመረና ጉብኝቱ ራሱ ሕመም ያመጣል አለ። ወሩ ሲያልቅ ካልተለወጠ ለጋሾቹ የጉብኝቱን ገንዘብ እንዲያቆሙ የሚጠይቅ ደብዳቤ አዘጋጀ። ያኔ ልጅቷን ማን ይጠይቃታል?

በቀጣዩ ሐሙስ አጣቢዋ አላስችል ብሏት ከሰዓቷ ቀድማ ደረሰች። ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ ወለል ትፈትጋለች፤ አጠገቧ ባልዲ ሙሉ በረኪና። ልጅቷ በሩ ላይ ትከሻዋ ይወጣል፣ ይወርዳል።

«ምነው ልጄ፣ በጠዋቱ?» አለቻት አጣቢዋ እናትየዋን።

«እርስዎ ይመጣሉ ብዬ ነዋ፣ እትዬ። የጤና ሰው ቆሻሻ ቤት ይገባል እንዴ?»

ሻጋታ ከግድግዳ ጀርባ የሚያሸት የአጣቢዋ አፍንጫ እስከዛሬ ይህን አላሸተተም፤ ከበረኪና ጋር አርጅቷላ። የጉብኝቱ ቅጽም ቤቱ ንጹህ ነው ወይ ይላል እንጂ በምን እንደጸዳ አይጠይቅም። እሷ ራሷ ሐሙስ በመጣ ቁጥር «በጣም» እያለች ሞልታዋለች።

ልጅቷን ወደ ደጅ አወጣቻት፣ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት፣ መድኃኒቷን አሳበቻት። ትከሻዋ እስኪረጋ ጀርባዋን እያሻሸች አብራት ተነፈሰች። ልጅሽን ያሳመምሻት አንቺ ነሽ ማለት ለአስተባባሪ ይቀላል፤ እሷን ግን ከበዳት።

«ልጄ፣ እኔ በረኪና አይስማማኝም» አለች። «ያፍነኛል። ለትንሿም እንደኔው ነው፤ ደረታችን አንድ ነው። ለኔ ስትይ በውኃና በሳሙና ብቻ አድርጊው።»

እናት ባልዲውን አየች፣ ልጇን አየች። ገባት። «እስከዛሬ ምነው ዝም አሉኝ?» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዳ አይደለሁ፣ አፍሬ።»

በሚቀጥሉት ሁለት ሐሙሶች ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ ነበር፤ ልጅቷም ግቢውን እየዞረች ትሮጥ ነበር። ቤቱ ንጹህ ነው ወይ ከሚለው ፊት አጣቢዋ «ለመተንፈስ ይበቃል» ብላ ጻፈች። አስተባባሪው እንዲህ ያለ መልስ ቅጹ ላይ የለም ብሎ አጉረመረመ። ደብዳቤውን ግን ቀደደው።