ያልረገበ ምላጭ

አልዊን ሮትኬግል ከእኛ መንደር በታች ባለው የጠመንጃ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ብረት ሲሞርድ የኖረ ሰው ነው። አገራችንን ለሁለት የከፈለው ግንብ ከፈረሰ በኋላ የሚስቱን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወርክሾፕ አደረገው፤ ሄድዊግ ለዚህ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። እኛ ከየጣሪያው ሥር የአያቶቻችንን የአደን ጠመንጃ እያወጣን መሰብሰብ ስንጀምር የሁሉም ሐኪም እሱ ሆነ። ዝገቱን ልንፈገፍግ ስንል ይቆጣል። "መቶ ዓመት የኖረ ፊት ይጨማደዳል፤ የሚስትህንስ ፊት በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍጋለህ?"

እኔ ሎታር እባላለሁ። በተኩስ ክበባችን የጥንቃቄ ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ ጯኺ ማለቴ ነው። የእነዚህ አሮጌ ጠመንጃዎች ምላጭ ወደ ፊት ሲገፋ ይወጠራል፤ ከዚያ ዝንብ ብታርፍበትም ይተኩሳል። ሳይተኩስ የቀረ ሰው አንድ እርምጃ ከመራመዱ በፊት ማርገብ አለበት። እሑድ እሑድ "ምላጭህን አርግብ፣ አንተ ደንቆሮ!" እያልኩ ያላዋረድኩት ሰው የለም።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ በኅዳር አደን፣ አልዊን የምላጩን ሞላ ቀይሮ የመለሰልኝን ጠመንጃ ይዤ ጥድ ሥር ቆሜያለሁ። ከርከሮ ብቅ አለ፤ ወጠርኩ፤ ተመልሶ ጫካ ገባ። ወዲያው የማብቂያው ጡሩንባ ተነፋ፣ ለአዳኞቹ የተጣደው የአተር ሾርባም ሸተተኝ፣ ሄድኩ። አላረገብኩም፣ ጥይቱንም አላወጣሁም። ሰዎቹ ጋ ስደርስ ቅርንጫፍ ምላጩን ነካው። ጥይቱ የአደን መሪያችንን የቡርጋርድን ውሻ፣ ትሩዴን፣ ባለችበት አስቀራት።

ቡርጋርድ ተንበርክኮ ባርኔጣውን አወለቀ፤ የጥድ ቅርንጫፍ ሰብሮም አለበሳት።

"ሎታር መቼም ሳያረግብ አይሄድም" አለ አንዱ። "ይሄን ምላጭ አልዊን ነካክቶት የለ እንዴ?"

"ባለፈው ሳምንት ነው የመለሰልኝ" አልኩ።

ይኸው ነው። አንዲት ሐሰት የለባትም። በዕድሜዬ ከተናገርኳቸው ውሸቶች ሁሉ የከፋችው ግን እሷ ናት።

በማግስቱ አልዊን መጣ። በሰደበኝ ብዬ ተመኘሁ።

"ስጠኝ እስቲ፣ ልየው" አለ ብቻ።

በአሥረኛው ቀን መለሰው። "መቶ ጊዜ ወጥሬ አረገብኩት፣ በመዶሻ እጀታ መታሁት፣ ንቅንቅ አላለም። አንተ ካላጠፋህ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ማየት አቃተኝ። የማላየውን ስህተት ከሠራሁ ደግሞ፣ ሰው ሳልገድል ማቆም አለብኝ።"

"አንተ ካላጠፋህ" ሲል ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ግን ነቀዘ።

አልዊን ወርክሾፑን ዘጋ፤ ሄድዊግም ክፍሏን መልሳ ልብስ አሰጣችበት። በክበቡ "አልዊን የነካው ጠመንጃ የሚያድነው ውሻ ነው" የሚል ቀልድ ወጣ። አብሬ ሳቅኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

ባለፈው ሚያዝያ ክበቡ ስለ ጥንቃቄዬ ሜዳልያ ሰጠኝ። ደረቴ ላይ ሲያደርጉልኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በማግስቱ አልዊን ቤት ሄድኩ። ድንች ይልጥ ነበር። ሳላረግብ መሄዴን፣ ሾርባውን፣ ሁሉንም ነገርኩት።

ቢላዋውን አስቀመጠ፤ እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

"ስምንት ዓመት" አለ። "እነዚህን ስንት ጊዜ ሰደብኳቸው መሰለህ።"

"ይቅር በለኝ አልዊን።"

"ለእኔ መናገር ምን ያደርጋል? እኔ ለራሴ የሚጠገን ጠመንጃ አላመጣም። ለሚያመጡት ንገር።"

እሑድ በክበቡ በሁሉም ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ማንም አልሰደበኝም። ቡርጋርድ ብቻ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ሰኞ ጠዋት እሱና ሌሎች ሁለት ጠመንጃቸውን ይዘው አልዊን ደጅ ቆሙ። እኔም ከአጥሩ ማዶ ቆምኩ፤ ለመቅረብ አፈርኩ።

አልዊን ደስ ብሎት የቡርጋርድን ጠመንጃ ተቀበለ። ከፍቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው፤ መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየ። ከዚያ ዘግቶ መለሰለት።

"ያን ጊዜ፣ ማየት አቃተኝ ስል፣ ይታየኝ ነበር" አለው። "አሁን ግን ዓይኔ ደክሟል፤ እውነትም አይታየኝም።"