ገመዱን ያሻገረው ሰው

ከባሕር ዳር የተነሣሁት ረቡዕ ማለዳ ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወደ ታች በእግር ተወርዶ፣ ዓባይ በሁለት ገደል መሐል በሚያልፍበት ቦታ፣ በብረት ገመድ የሚንጠለጠል የእግረኛ ድልድይ እየተሠራ ነው። ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነው። እኔ የጉዞዬን ምክንያት ሁለት አድርጌ ያዝሁ። ለቀበሌው ሊቀ መንበር "የልማት ሥራ ላግዝ ነው" ብዬ የይለፍ ወረቀት አስጻፍሁ፤ ለራሴ ግን ከማዶ ያለውን ጤፍና ኑግ ሌላ ነጋዴ ሳይደርስበት ለማየት ነው የምሄደው። የመጀመሪያውም ውሸት አይደለም፤ ለድልድዩ የናይለንና የቃጫ ገመድ ያቀረብሁ እኔ ነኝ። በዚህ በአብዮት ዘመን ነጋዴ ማለት አሻጥረኛ ለመባል አንድ ስብሰባ የቀረው ሰው ነውና፣ ልማት የሚለውን ቃል ከመታወቂያዬ ጋር ነው የምይዘው።

መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። "ገመዱ ደርሷል፤ የሚያሻግረው ሰው ግን የለም። ውሃ የሚያውቅ ሰው ይዘህልኝ ና" ብሎ ላከብኝ። ውሃ የሚያውቅ ሰው የት እንዳለ ባሕር ዳር ያለ ሁሉ ያውቃል። ጣና ዳር፣ ታንኳ ከሚሠሩበት የደንገል ሣር አጠገብ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። እንደኛው እንደ እስላሞቹ ይሰግዳሉ፤ ጉማሬ ይበላሉ ስለሚባል ግን እስላሙም ክርስቲያኑም ማዕድ አይጋራቸውም። ታንኳቸውን እንገዛለን፣ የወፍጮ ድንጋያቸውን እንገዛለን፤ እጃቸው የነካውን እንጀራ ግን አንቀምስም። እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው።

እድሪስን ያገኘሁት ታንኳ ሲያስር ነው። ዕድሜው ከእኔ አይርቅም፤ ከገበያም እንተዋወቃለን። ነገሩን ነገርሁትና "ስንት ትጠይቃለህ?" አልሁት።

"ገመዱ ሲሻገር ድግስ አለ አሉ" አለኝ፣ ደንገሉን በጉልበቱ ተጭኖ እያጠበቀ።

"አለ። ሰንጋ ይጣላል።"

"እንግዲያው የጉልበቴን ዋጋ እንደማንም ትሰጠኛለህ። ከዚያ ሌላ አንድ ነገር አለ፣ አያ ሰይድ። አባቴ በስንቱ ሰርግ ዓሣ አቅርቦ፣ ራሱ ዛፍ ሥር ለብቻው በቅጠል በላ። እኔ ከሰው ጋር ማዕድ ዙሪያ ተቀምጬ እበላለሁ። አይሆንም ካልህ ሌላ ፈልግ።"

"ከእኔ ጋር በአንድ ሳህን ትበላለህ" አልሁት። ነጋዴ ነኝ፤ መክፈያው ቀን ሩቅ ሲሆን ቃል መስጠት አይከብደኝም።

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ።"

መንገዱ

ወደ ጢስ ዓባይ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘን። ሹፌሩ ለሰው አንድ ብር፣ ለታንኳው ሁለት ብር ጠየቀ።

"ታንኳው ከእኛ በምን ይበልጣል?" አልሁት።

"እናንተ ራሳችሁ ትወርዳላችሁ፤ እሱን የማወርደው እኔ ነኝ።"

ኬላው ላይ ጠባቂው ወረቀቴን ገለባብጦ አየና ታንኳውን በጠመንጃው አፈሙዝ ነካ ነካ አደረገው። "ይኸስ የይለፍ ወረቀት አለው?"

እድሪስ ቀደመኝ። "ጓድ፣ እሱ ሣር ነው። ከሀገር አይኮበልልም።"

ጠባቂው ሳቅ አምልጦት አሳለፈን። መንገዱ አቧራና ጉድጓድ ነው፤ ግራና ቀኙ የታረሰ ማሳ፣ ዝናብ የሚጠብቅ። ከጭነቱ ላይ ተቀምጠን ቆሎ በላን፤ እኔ ከኪሴ፣ እሱም ከኪሱ። ከጢስ ዓባይ ወዲያ መኪና ስለማይሄድ ታንኳውን ተሸክመን ወረድን። አደርንና ጎሕ ሲቀድ ወንዙ ዳር ውዱእ አድርገን ጎን ለጎን ሰገድን። ያየን ሰው አልነበረም።

ገደሉ

በሁለቱም ዳር በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠሩ ግንቦች ቆመዋል። መሐንዲሱ እጄን ይዞ ከግንቡ ኋላ ወሰደኝ።

"ክብደቱን የሚይዘው ግንቡ ይመስልሃል?" አለኝ። "ግንቡ ገመዱን ከፍ አድርጎ ይሸከማል እንጂ፣ የሚይዘው ይኸ ነው።" ዓለቱን ፈልፍለው ኮንክሪት የሞሉበትን ጉድጓድ አሳየኝ። የብረት ገመዱ ጫፍ እዚያ ይታሰራል። ገመዱ መሐሉ ላይ ረገብ ብሎ ይወርዳል፤ ከሱ ሽቦዎች ይንጠለጠላሉ፤ ጣውላው በሽቦዎቹ ላይ ይነጠፋል።

"ጥርቅም አድርጎ መወጠር አይሻልም?"

"በጣም የተወጠረ ገመድ ሸክም ሲመጣበት ይበጠሳል። መርገብ አለበት።"

ይህን ለቀበሌዎቻችን ቢያስተምርልን አልሁ፣ በሆዴ።

ችግሩ የመጀመሪያው ክር ነበር። ሲባጎ በወንጭፍ ሞክረዋል፤ ድንጋዩ ተሻገረ፣ ሲባጎው ተበጠሰ። ዋናተኛም ሞክሯል፤ ወንዙ ወደ ታች ወስዶ ሌላ ቀበሌ ጣለው። ክረምቱ ከገባ ደግሞ ሥራው ለከርሞ ነው።

እድሪስ ናይለኑን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ከግንቡ ወደ ላይ ርቆ ሄዶ ታንኳው ላይ ተንበረከከ። መሐል ወንዝ ሲደርስ ውሃው አዙሮት የታንኳው ጭራ ተፈታ። ደንገሉ እየተበተነ ሲሄድ አየነው። እሱ ግን በቀረችው የደንገል እስር ላይ ተኝቶ፣ በእጁ እየቀዘፈ ማዶ ወጣ። እልልታው ገደሉን ሞላው። ማዶ ሆኖ ታንኳውን መልሶ አሰረ።

በናይለኑ ጫፍ የቃጫውን ገመድ፣ በቃጫው ጫፍ የብረቱን ገመድ አስረን ማሻገር ጀመርን። የማዶ ሰዎች ይስባሉ፣ የኛ ዳር ሰዎች ቀስ እያሉ ይለቃሉ፤ ሥራው ይኸው ነው። የማዶዎቹ ግን ሲስቡ ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑ ውስጥ በኛ ዳር ያለውን ሰው ፈሪ የምትል ግጥም ገባች። ያን ጊዜ የኛዎቹ መልቀቁን ትተው ወደ ኋላ መጎተት ጀመሩ። የብረት ገመዱ ተወጥሮ አጓራ። መሐንዲሱ ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረው።

"ወንድሞቼ፣ ጉተታ አይደለም! ልቀቁ!"

"መጀመሪያ እነሱ ይልቀቁ!" አሉት አንድ ሽማግሌ፣ ተረከዛቸውን መሬት ውስጥ ተክለው። "ሰምተሃል እኮ ያሉንን!"

እድሪስ በዚያ ሰዓት ገመዱ ዓለት እንዳይነክስ ሲጠብቅ፣ ታንኳው ላይ ሆኖ ከሥሩ ነበር። "ኧረ እናንተ ሰዎች!" ብሎ ጮኸ። "ከተበጠሰ የሚመታው እኔን ነው! ፈሪው እኔ ልሁን፣ ልቀቁት!"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ በሳቁ መሐል እጁ ላላ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገመዱ በሁለቱ ግንቦች ላይ ተቀመጠ።

ማዕዱ

ለክርስቲያኑ ሰንጋ፣ ለእስላሙ ወጠጤ ታረደ። ከማዶ ሐጂ ኑርዬ መጡ፤ የዚያ ሁሉ አገር እህል በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው። የተሻገሩት በእድሪስ ታንኳ ነው። ታንኳው ሲወዛወዝባቸው የእድሪስን ትከሻ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘው ነበር።

ጥቂት ሆነን ሳህኑን ከበብን። ሐጂ አጠገቤ ተቀመጡና "ድልድዩ ሲያልቅ የኑጉን ነገር ካንተ ጋር እንነጋገራለን፣ ልጄ" አሉኝ። የመጣሁበት ቃል ይኸው ነው። ቀና ስል እድሪስ እጁን ታጥቦ ቆሟል። ውሃው ከጣቶቹ ይንጠባጠባል። ቦታ እንድለቅለት ዓይኔን ያያል።

ሐጂም አዩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በጨዋ ደንብ፣ "ይኸ ሰው ከኛ ጋር ነው?" አሉኝ።

"አይ" አልሁ። "በልቷል።"

ማንም አላስገደደኝም። ቃሉ ከአፌ የወጣው ቀድሞ እንደተዘጋጀ ነገር ነው።

"አዎ፣ በልቻለሁ" አለ እድሪስ ጮክ ብሎ። "ብሉ፣ ቢስሚላህ በሉ።" እጁን በልብሱ ላይ አደረቀና ወደ ታንኳው ሄደ።

ከወረዳ የመጣ ካድሬ ያን ሰዓት ተነሥቶ ንግግር ጀመረ። ድልድዩ የሰፊው ሕዝብ ድል ነው፣ በአዲሲቱ ኢትዮጵያ የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ እጄ የሥጋ ቅባት ነበረው።

መመለስ

ስንመለስ ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ቦታ ሰጠኝ፤ የእድሪስን ፊት ላለማየት ደስ ብሎኝ ገባሁ። ባሕር ዳር ስንደርስ የጉልበቱን ዋጋ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ። ታንኳውን ተሸክሞ ወደ ጣና ወረደ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር፤ ስድብ ለምጃለሁ፣ መልስም አላጣለትም።

እሑድ ቀትር ላይ ስኳር ቋጥሬ ጣና ዳር ቤቱ ሄድሁ። አንድ ክፍል የሸምበቆ ቤት ናት፤ በሯ ሰው ውሃ ሊቀዳ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ይከፈታል። እድሪስ ሚስቱን ጠርቶ ቦታ አስለቀቀልኝ።

"እድሪስ፣ በዚያ ቀን ነገር..." ብዬ ስጀምር፣ "መጀመሪያ ብላ፣ አያ ሰይድ" አለኝ።

ሚስቱ የዓሣ ወጥ ከነእንጀራው አምጥታ መሐላችን አስቀመጠች። አንድ ሳህን ነው። እሱ ቆርሶ ጠበቀኝ። በሩ ላይ የሰፈሬ ሰዎች እንስራ ይዘው ያልፋሉ፤ አንዷ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች።

እጄን አነሣሁ። እጄ ግን ወደ ሳህኑ አልሄደም። ተዘርግቶ በሩን ገፋና ዘጋው።

ከዚያ በላሁ። ዓሣው ይጣፍጣል።

ከዚህ መንገድ ምን ይዘህ መጣህ የሚሉኝ አሉ። ገመድ መርገብ እንዳለበት ተምሬያለሁ፤ ድልድዩም ሲያልቅ ኑግ አገኛለሁ። በዚያ ማዕድ ላይ ያዋረደኝ ግን ሐጂ ኑርዬን መፍራቴ ነው እያልሁ ነበር መንገዱን የጨረስሁት። እዚያች ቤት ሐጂ ኑርዬ አልነበሩም።

እድሪስ በሩን አየ፤ እኔን አላየኝም። ደግሞ ቆረሰና ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ጨለመብን" አላት። "ኩራዙን አብሪልን።"