የዘይነባ ማንጎ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እዚሁ መካነ ሰላም ነው። ያልረሳሁት ባለቤቴ ሊሞትብኝ ስለነበር ብቻ አይደለም። እውነቱን ልናገርና፣ ቅናቱ እስካሁን ስላልወጣልኝ ነው።

ባለቤቴ ይመር ልብስ ሰፊ ነው። ስኳር እንዳለበት ከተነገረን ወዲህ ጣፋጭ የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም። ሻዩን እንኳ መራራውን ነው የሚጠጣው። ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ "ያንቺ ሰውዬ እኮ ከዘይነባ ጁስ ቤት አይጠፋም። 'አብሽር ይመርዬ' እያለች ነው የምትቀዳለት" አለችኝ።

እኛ አገር "አብሽር" የማይል የለም፤ አይዞህ ማለት ነው። "ይመርዬ" ግን ምን የሚሉት ነው? ዘይነባ ደግሞ ባሏን የፈታች፣ ዓይን የምትገባ ሴት ናት። 

በማግስቱ ገበያ ነበር። ጠዋት የስኳር መርፌውን ተወግቶ የወጣው ሰውዬ ለምሳ ሳይመጣ ቀረ። የት እንዳለ አላጣሁትም። ነጠላዬን አጣፍቼ ገሰገስኩ።

ጥግ ላይ ተቀምጧል። ገና ስገባ እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ፊቱን ላብ አጥምቆታል። ስጠራው አንደበቱ ተሳሰረ። "እሰይ፣ ተያዝክ!" አልኩ በሆዴ።

ዘይነባ የማንጎ ጁስ ይዛ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። ብርጭቆውን ከእጇ መትቼ ጣልኩት።

"ስኳር ያለበትን ሰው ልትገድይብኝ ነው? የራስሽን ባል ፈትተሽ የኔን አማረሽ?" ብዬ ጮህኩ። ጁስ ቤቱ ሙሉ ሰው ዞሮ አየን።

እሷ ሮጣ ሌላ ቀዳች። "እታለም፣ ምሳ ሳይበላ ስኳሩ ወርዶበት ነው፤ ቶሎ ካልጠጣ ይወድቃል። አብሽሪ፣ ደገፍ አድርጊልኝ" አለችኝ። እኔ ደገፍኩት፣ እሷ ጉንጭ ጉንጭ እያደረገች አጠጣችው።

ትንሽ ቆይቶ ላቡ ደረቀ። ቀና ብሎ አየኝና፣ "መቼ መጣሽ?" አለኝ።

ዘይነባ ስባሪውን እየለቀመች፣ "ሁልጊዜ የሚጠጣው አቮካዶ ነው፣ ያለ ስኳር፤ ከአንድ ብርጭቆም አያልፍ። 'ስንቀጠቀጥ ካየሽኝ ግን ጣፋጩን ስጪኝ' ብሎ አደራ ብሎኛል" አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እቤት ስንደርስ ግን ሐፍረቴን ቅናቴ በለጠው።

"ለሷ የነገርከውን እኔን ለምን ደበቅከኝ?" አልኩት።

"አንቺማ ገና ስኳር ስል ታለቅሻለሽ" አለኝ።

ዘይነባን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ አሁን ቤት ለቤት እንጠያየቃለን። ይመርዬ ማለቷን ግን አልተወችም፤ እኔም መስማቱን አልለመድኩትም። ለቅሶዬን ትቻለሁ። ለክፉ ቀን የሚሆን ጁስም ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም።

እስካሁን እቤት ስኳሩ ወርዶበት አያውቅም። ክፉውን አያምጣው። ካመጣው ግን እኔ ፊት ያምጣው።