ከውስጥ የቆለፍኩት በር

ባለፈው ሳምንት ልጄን ላፕቶፕ ላይ አፍጥጣ አገኘኋት። ስክሪኑ ላይ ባዶ ቢሮ፣ ረጅም ኮሪደር፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት። «ሠራተኞቹ የት እንደጠፉ የሚፈለግበት ጌም ነው» አለችኝ። ወጥቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ።

እኔንም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጌም ይዞኝ ነበር። ከደሴ ቦንጋ ተመድቤ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ክረምት ነው፤ የቦንጋ ዝናብ ደግሞ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ጓደኛዬ በፍላሽ በሰጠኝ ጌም ውስጥ አዲስ የተቀጠረ ዘበኛ ከመሬት በታች ያለ ፋብሪካ ይገባል። ካፖርቶቹ ወንበር ላይ ናቸው፣ ሻዩ ገና ትኩስ ነው፣ ሰው ግን የለም። የበቆሎ እሸት ጥብስ እየበላሁ፣ በሥራ ሰዓት የቢሮዬን በር ከውስጥ ቆልፌ የጠፉትን ሠራተኞች እፈልግ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በር ተንኳኳ። መጀመሪያ ከጌሙ መሰለኝ።

«ጌታዬ፣ አሉ?»

ጋሽ ገብሬ ነበሩ፤ ከቦንጋ ወጣ ያለችው የማንኪራ ቀበሌ ንብ አናቢ። ልጃቸው ታደለች ጅማ ኮሌጅ ነርስነት ለመማር ተቀባይነት አግኝታለች፤ ማስረጃዋ ላይ የእኛ ማኅተም ቀርቷል። ምዝገባው አርብ ያበቃል። «ሐሙስ ይምጡ» ያልኳቸው እኔው ነኝ።

የጌሙ የመጨረሻ በር ላይ ደርሼ ነበር። ትንፋሼን ዋጥኩ።

«ቅድም እዚህ ነበር እኮ» አለች ከጎረቤት ቢሮ እትዬ አሰለፈች።

«አሞት ሄዶ ይሆናል» አሉ እሳቸው። «ሰው አይደል?»

ብዙ ጠበቁ። ከዚያ ቦቲያቸው ጭቃ እየጎተተ ሲርቅ ሰማሁ። እኔም የጌሙን በር ከፈትኩት። ከኋላው ምን እንደነበር ዛሬ ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ወንዝ ሞልቶባቸው እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ወዲያው አተምኩላቸው። የተሳፈሩበት ሚኒባስ ጅማ ሲገባ ግን መዝጋቢዎቹ ወጥተው ነበር። ታደለች በዓመቱ ቢታ ገነት ወደምትባል ከተማ ተዳረች።

ከወራት በኋላ ገበያ ላይ አገኙኝ። «ያን ዕለት አሞዎት ነበር መሰል፤ ተሻለዎት?» ብለው በቅጠል የተጠቀለለ ማር አስያዙኝ።

«ተሻለኝ» አልኳቸው። ማሩንም ተቀበልኩ።

ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። እውነቱን ብነግራቸው ይቅር ይሉኝ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ያፈርኩትም በዚሁ ነው፤ ቢቆጡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።